ሳይቆፈር የከረመው የቨርና ማሳ

ቨርና ዛስትሮ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ታበሽቀኝ ነበር። መጠጥ ቤቴ ውስጥ ሰው ቢራውን ቀሚሷ ላይ ሲደፋባት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ባሏ ሌሮይ በሕይወት ሳለ፣ "ይቺን ሴት መብረቅ ቢመታት 'መንገድህ ላይ ቆሜብህ ነው' ትለዋለች" እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም አብራው ትስቅ ነበር።

እኔ ሬይ እባላለሁ፤ ከዋሳው ከተማ በስተምዕራብ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው መጠጥ ቤት የእኔ ነው። ከአባቴ ነው የወረስኩት። እኛ ጋ ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ ያልመጣ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ከሚስቴ ጋር ተጣልቷል። ቨርና ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ዓሣዋን፣ የድንች ቂጣዋን፣ ቼሪ የገባበት ብራንዲዋን ይዛ ሰው ስታጫውት ታመሻለች። እኔ ከእሷ በተቃራኒ ግልፍተኛ ነኝ፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ በእሷ አትፍረዱ።

ቨርና ዕድሜዋን የፈጀችው ጂንሰንግ በማልማት ነው። ሥሩን ቻይናዎች ለመድኃኒት ይፈልጉታል፤ የእኛን አካባቢ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ተክሉ ግን አስቸጋሪ ነው። ፀሐይ አይወድም፤ ማሳው በሙሉ ምሰሶ ላይ በተወጠረ ጥቁር ጨርቅ ይጠለላል። ሥሩ ለቁፋሮ እስኪደርስ አራት ዓመት መሬት ውስጥ ይቀመጣል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አንድ ጊዜ የበቀለበት መሬት ላይ ዳግመኛ እሺ ብሎ አለመብቀሉ ነው። ብትዘራው ይበሰብሳል፤ ልጅህም ቢዘራው ይበሰብሳል። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ መሬት ከዳር ጀምሮ እየተበላ ያልቃል ማለት ነው።

የዛስትሮዎችም መሬት እንዲሁ አለቀ። ከቤቱ በስተደቡብ ያለው የድርቆሽ መስክ ብቻ ቀረ። ሌሮይ እሱን አላስነካም ብሎ ነበር። ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ነው የሚታየው፤ "ዐይኔ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ይትረፍልኝ" ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ቤቱ ያፈስ ጀመር፣ የባንኩም ዕዳ አላስተኛ አላት፤ ቨርና መስኩን አሳረሰችው። የታረሰ ቀን አጠገቧ ነበርኩ። "ሌሮይ፣ ይቅር በለኝ" አለች፤ ከዚያ ለአራሹ ሳንድዊች ልታቀርብ ወደ ቤት ገባች።

ያ ማሳ የመጨረሻዋ ነው። ከእሱ ወዲያ ጂንሰንግ የሚቀበል ጭብጥ የምታህል መሬት የላትም። ምርቱ ቀንቷት ከወጣ እስክትሞት ድረስ በገዛ ቤቷ ትኖራለች፤ ካልወጣ ቤቱ ተሽጦ አፕልተን ያለችው ልጇ ካረን ጋ መግባቷ ነው። ካረን ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ቨርና ያን መስኮት ትፈራው ነበር። ስለ ሞት ስታወራ እንኳ እንደዚያ ስትፈራ አላየኋትም።

ማሳው ለቁፋሮ በደረሰበት ዓመት ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች በቻይና ዕቃ ላይ ቀረጥ ቆለሉ። ቻይናም ዝም አላለችም፤ አጸፋውን የእኛ ጂንሰንግ ላይ ጫነችው። በየመስከረሙ ከሆንግ ኮንግ የሚመጣ ሚስተር ላው የሚባል ገዢ ነበረን። አንድ ሥር ሰብሮ ዐይኑን ጨፍኖ ያኝካል፤ ከዚያ ነው ዋጋ የሚናገረው። በዚያ ዓመት አልመጣም፤ ስልክ ደወለ። የጠራው ዋጋ ከለመድነው ግማሹን አይሞላም ነበር፤ እሱም በሐፍረት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው አሉ።

ከቨርና ማሳ ቀጥሎ ያለውን የሚያለማው ቱ ሜንግ ቫንግ የሚባል ጎረቤቷ ነው። ወላጆቹ ከላኦስ ተሰደው የመጡ የሕሞንግ ብሔር ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ አድጎ እንደኛው ስለ በረዶና ስለ አጋዘን ሲያወራ የሚውል ሰው ሆኗል። መቆፈሪያ ማሽኑ የሁለቱም የጋራ ነው። ሚስተር ላው በደወለ ማግስት መጣና አጥሩ ላይ ተደግፎ፣

"ቨርና፣ እናውጣው" አላት።

"በዚህ ዋጋ?"

"በዚህ ዋጋ። ርካሽም ቢሆን ቤቱን ያስቀርልሻል። መኪናሽን መቀየሩ ይቅርብሽ፤ ደግሞ ማን ያይሻል በመኪና?"

"ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በሷ አይደል?"

"በጭሷ ነው የሚያውቅሽ። ስሚኝ፣ ይሄ ሥር ጠግቧል። አንድ ክረምት ከጨመርሽበት ይከብዳል፤ ግን ደግሞ ሊበሰብስብሽ ይችላል። እኔ የራሴን ነገ እጀምራለሁ።"

"እስከ ዓርብ ላስብበት" አለችው።

በዚያ ዓርብ ነው ዴኒስ ራትኬ መጠጥ ቤቴ የመጣው።

ዴኒስ በኮንግረስ ወኪላችን ነው። የዚሁ መንገድ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከቨርና ቤት ሁለተኛው ነበር። ልጅ ሳለ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጥሎት ሲሄድ ቨርና ነበረች በመኪናዋ የምታደርሰው። ቁመናው ያማረ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው ነው። ዓሣውን በልቶ ሲጨርስ ቆመ፤ ማንም ቁም ሳይለው።

"ጎረቤቶቼ" አለ፣ "ልደብቃችሁ አልችልም። ይህ ቀረጥ ስሕተት ነው። ቻይናን እንቀጣለን ብለን የቀጣነው ራሳችንን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያሳደጋችሁትን ሥር በአንድ ፊርማ አፈር አስገቡት። ይህ ግፍ ነው፤ ግፍ መሆኑን ዋሽንግተንም እናገራለሁ።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቨርና ግን አላጨበጨበችም፤ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ የራሷ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር እንደምታይ ሆና ታየው ነበር። ሲወጣ በሩ ጋ ያዘችው።

"ዴኒስ፣ ደህና ተናገርክ።"

"ወይዘሮ ዛስትሮ! እርስዎ ካሉኝማ በቃኝ። ማሳው እንዴት ነው?"

"ደርሷል። ዋጋው ነው እንጂ።"

"ዐውቃለሁ። ይሄ ነገር እንዲህ ሊቀጥል አይችልም" አለና እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ሰዎች አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ቨርናን ሞኝ ታደርጓታላችሁ። እኛ ጋ ሰው ርዳኝ አይልም፤ ልርዳህም አይልም። ጎረቤትህ በመኪና ሲያልፍ ቀነስ አድርጎ፣ "አጥርህ ዘመም ብሏል" ካለህ፣ ቅዳሜ መዶሻውን ይዞ ይመጣል ማለት ነው። "ጣራሽ በረዶ በዝቶበታል" ካለሽ ነገ መሰላል ይዞ ይመጣል። ችግርህን ዐይቶ በአፉ የጠራው ሰው ሥራውን ተቀብሏል። ሊሠራው ያላሰበ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ያም ነውር የለበትም። ዴኒስም በዚህ መንገድ ላይ ያደገ ልጅ ነው። እና ቨርና ምን ትስማ? የሰማችው ይህንኑ ነው። ቀረጡ ዘመም ብሏል አላት፤ መዶሻውን ይዞ ይመጣል ብላ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ለቱ ሜንግ፣ "እኔ ይክረም ብያለሁ" አለችው።

"ምን?"

"ዴኒስ ቀረጡን ሊያስነሣው ነው። እስከ መጪው መከር ዋጋው ይመለሳል።"

"ላስነሣው ነው አለሽ?"

"ግፍ ነው አለ። አንተም እዚያው ነበርክ።"

ቱ ሜንግ ብዙ ተከራከራት። እኔ ጋም መጥቶ፣ "ሬይ፣ አንተ ንገራት፤ አንተን ትሰማለች" ብሎኛል። እኔን የሰማ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ነገርኳት። "ዴኒስን አላውቀውም እንዴ ሬይ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ጥላ ጨርቁ ለክረምት ተሰብስቦ፣ ማሳው ገለባ ለብሶ፣ ቱ ሜንግ የራሱን ቆፍሮ ጨርሶ ነበር። ከሳምንት በኋላ መሬቱ በውርጭ ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቧን ብትቀይርም የሚቆፍር ማሽን አልነበረም።

ድምፁ የተሰጠው በክረምቱ መሃል ነው። ከዚያው ከኮንግረስ ጥቂቶች ቀረጡ ይነሣ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሬዲዮው የአካባቢያችንን ተወካዮች በየስማቸው ሲጠራ ባንኮኒዬ ጋ ሆኜ ነበር የሰማሁት። ዴኒስ ራትኬ ይነሣ ካሉት ወገን አልነበረም። አይነሣ ብሎ ነው ድምፁን የሰጠው። በማግስቱ ደግሞ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ቀረጡ ገበሬውን እየጎዳ እንደሆነ እያዘነ ተናገረ። ማንበብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ጋዜጣውን ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት።

ቨርናን ሳገኛት ወሬውን ከእኔ እንዳትሰማ ብዬ ሌላ ሌላ አወራሁ፤ ግን ሰምታለች።

"የሆነ ምክንያት ይኖረዋል" አለች።

"ምን ምክንያት?"

"እኔ ምን ዐውቄ ሬይ? እዚያ አሠራሩ ሌላ ይሆናል። ደግሞ ገና ክረምት ነው፤ እስከ መከር ሩቅ ነው።"

ብራንዲዋን ግን አልጨረሰችውም። ዐይኔ እያየ ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር ጎደለ።

ፀደዩ ዝናብ ብቻ ሆነ። ዘንቦ አያባራም፤ ሲያባራም ጭጋግ ነው። ቨርና ከነጋ ጀምሮ በጥላው ሥር እያጎነበሰች በመስመሮቹ መሃል ትመላለስ ነበር። ሰኔ ላይ ከታችኛው ጥግ፣ ውኃ ከሚተኛበት በኩል፣ ቅጠሉ ገረጣ። ከዚያ ወደቀ። ቱ ሜንግ አንዱን በጣቱ ሲያወጣው ሥሩ እንደ ተቀቀለ ካሮት እጁ ላይ ፈረሰ። ሽታውን እኔ ራሴ ዐውቀዋለሁ፤ ልረዳ ሄጄ ነበርና ቤቴ ስገባ ሚስቴ ጫማህን ውጭ አውልቅ አለችኝ። የሚረጨውን መድኃኒት ሁሉ ረጩ፤ ቦይም ቆፈሩ። በሽታው ግን መሬቱን ከያዘ ወዲያ መስመር በመስመር እየተሻገረ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ነሐሴ ላይ፣ ቀዩ ፍሬው መታየት በነበረበት ጊዜ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር የቀረው ገለባና ጭቃ ነበር።

ቨርና አላለቀሰችም። ቤቱን ለመሸጥ ካረን መጥታ ወረቀቱን አስፈረመቻት። "ቁም ሣጥኑ ሊፍት ውስጥ ይገባ ይሆን?" ብላ ነበር የጠየቀችው። እኔ ያን ቀን ለማን እንደምጮህ ጠፍቶኝ የቢራ አመላላሹ ላይ ጮኽኩበት፤ ምስኪን ምንም አላደረገም።

በዚያው ሰሞን ዴኒስ መጣ፤ የቴሌቪዥን ሰዎች ይዞ። ቀረጡ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ጉዳት በዐይናችሁ እዩ ሊላቸው ነው። ማን እንደጠቆመው አላውቅም፤ የመረጠው የቨርናን ማሳ ነው። ቨርና ደውላ፣ "ሬይ፣ እንግዶች ሊመጡብኝ ነው፤ ትንሽ ኬክ ካለህ" አለችኝ። ኬኩን ይዤ ሄድኩ። ለእሱ ብዬ አይደለም።

ዴኒስ የሞተው ማሳ ዳር ቆሞ ተናገረ። ባለፈው ዓመት እኔ ቤት ካለው የበለጠ አሳምሮ ነው የተናገረው። ይህ የሰው ዕድሜ ነው አለ፤ ይህ በፊርማ የጠፋ ዕድሜ ነው አለ። ድምፁ ተቆራረጠ። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነበር፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ካሜራው ሲጠፋ ቨርና ቀርባ የኬኩን ሳሕን አስያዘችው።

"የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው ዴኒስ።"

"አዝናለሁ ወይዘሮ ዛስትሮ። በእውነት አዝናለሁ።"

"ዐውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ? በክረምቱ ስምህ ሲጠራ ለምን አይነሣ አልክ?"

ኬኩን አየው። "ያ ድምፅ... እንደው ለታይታ የቀረበ ነገር ነበር። ሊያልፍ እንደማይችል ሁላችንም ዐውቀናል። እኔ ዞሬ ብቃወም ከፓርቲዬ ሰዎች እቆራረጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማኝም። ውስጥ ሆኜ መናገር ይሻላል ብዬ ነው።"

"እኔ እኮ ያልቆፈርኩት አንተ ግፍ ነው ስላልክ ነው።"

ዴኒስ መጀመሪያ አልገባውም። ማሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ፊቱ ነጭ ሆነ። የዚህን መንገድ ወግ ምን ያህል እንደረሳው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

"ቨርና" አለ፤ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው፤ "እኔ... አትቆፍሩ አላልኩም እኮ።"

"አላልክም" አለች። "እውነት ነው፣ አላልክም።"

እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረገችው። ዴኒስም ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ አሁን ላደርግልዎ የምችለው ነገር ካለ አላት።

"ሰኞ ጨርቁን እናወርዳለን" አለች። "ሰው አንሶናል።"

"ሰኞ ዋሽንግተን ነኝ" አለ። "የቀረጡ ነገር እንደገና ድምፅ ሊሰጥበት ነው።"

ቱ ሜንግ ከምሰሶው ቀና አለ። ቨርናም፣ "እንደገና?" አለች። "ታዲያ አሁንስ ምን ልትል ነው?"

ዴኒስ ወደ ካሜራው ዞር አለ። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ገመዳቸውን ይጠቀልሉ ነበር። "ሐሳቤን ያውቁታል እኮ ወይዘሮ ዛስትሮ" አላት።

"ዐውቀዋለሁ" አለች።

ሰኞ ጨርቁን ልናወርድ ተሰበሰብን። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ሚስቴ እንኳ መጠጥ ቤቱን ዘግታ መጣች። ሽቦው ይፈታል፣ ጨርቁ ይለቀቃል፣ በሁለት በኩል ይዘው እያጠፉ ይጠቀልሉታል። ማሳው ላይ ፀሐይ ወደቀበት፤ ሌሮይ ከሞተ ወዲህ ያ መሬት በበጋ ፀሐይ አላየም ነበር። የቱ ሜንግ መኪና በሩ ተከፍቶ ሬዲዮው ይናገር ነበር። ከቀትር በኋላ ዜናው መጣ። ቀረጡ ይነሣ የሚለው ሐሳብ በጥቂት ድምፅ ወድቋል። ከዚያ እንደ ክረምቱ የእኛን ተወካዮች በስማቸው ጠራቸው። ዴኒስ ራትኬ፣ አይነሣ።

ቱ ሜንግ ጨርቁን ጥሎ ሬዲዮውን ሊዘጋ ሄደ።

"ተወው" አለች ቨርና። "እሱ ሊናገር ነው።"

ዴኒስ ከአዳራሹ ወጥቶ ለጋዜጠኞች ሲናገር ነበር። በቀደም እዚህ ማሳ ዳር የተናገረውን ቃል በቃል ደገመው። አንዲት ጎረቤቴ አለች አለ፤ ዕድሜዋን በሙሉ የለፋችበት ማሳ በዚህ ቀረጥ ምክንያት ጠፍቶባታል፤ ይህ ግፍ ነው፤ እኔ ዝም አልልም አለ። ድምፁ እዚህ ቆሞ እንደተናገረው ተቆራረጠ።

ቨርና የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ እዚያው ገለባው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በጨርቁ ሸፍና አለቀሰች። ሌሮይ ሲቀበር እንደዚያ አላለቀሰችም። እንዴት እንደምናባብላት አላወቅንም፤ ስታለቅስ አይተናት ስለማናውቅ ከበናት ቆምን። ሚስቴ አጠገቧ ተንበርክካ ጀርባዋን አሸችላት።

"ሬይ" አለችኝ ከጨርቁ ቀና ሳትል፣ "የቱ ጋ ነው ውሸቱ? እኔ እኮ እየፈለግሁ ነው፤ ላገኘው አልቻልኩም።"